ትከሻዬ 7 ጊዜ ወልቋል፤ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ቀዶ ህክምና ያዋጣኛል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። ለሰፈራችን ቡድን በረኛ ነኝ፤ በየዓመቱ ውድድር እንገባለን። ቀኝ ትከሻዬ መጀመሪያ የወለቀው በ19 ዓመቴ ኳስ ለመያዝ ስወረወር ነው። እስካሁን በጠቅላላው 7 ጊዜ ወልቋል። ሁለቴ ወጌሻ መለሰልኝ፤ የቀረውን ሆስፒታል ነው የመለሱልኝ። ባለፈው ወር ግን ተኝቼ ስገላበጥ ወለቀ። ያየኝ ሐኪም በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ህክምና እንዳለና ከ100 ሰው 95ቱ እንደሚድን ነገረኝ። ጓደኛዬ ግን ይህንኑ ተሠርቶ በሁለት ዓመቱ መልሶ ወለቀበት። ልሠራ? ተመልሼ በረኛ መሆን እችላለሁ? ዝም ብዬ ብተወውስ ምን ይመጣል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ቀዶ ህክምና የሚያስፈልግህ ይመስለኛል። የትኛው ቀዶ ህክምና ነው የሚለው ግን ገና አልታወቀም። እሱን የሚወስነው ትከሻህ ውስጥ የቀረው አጥንት መጠን ነው። ከጻፍከው እንደተረዳሁት ደግሞ ማንም አልለካውም።

ለምን እንዲህ እንደምል እንድትረዳኝ ትከሻ እንዴት እንደተሠራ ልንገርህ። አንድ ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጥ። ብርቱካኑ የክንድህ አጥንት ራስ ነው። ማስቀመጫው ደግሞ ከጀርባ በኩል ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው ማቀፊያ ነው። ማቀፊያው ጥልቀት ስለሌለው ክንድህ እንደልቡ ይዞራል። በዚያው ልክ ብርቱካኑ በቀላሉ ይንከባለላል። በአንድ ጊዜ ማቀፊያውን የሚነካው የብርቱካኑ ክፍል ከሩብ ብዙም አይበልጥም። እንዳይንከባለል የሚይዘው በማስቀመጫው ጠርዝ ዙሪያ ያለ ላብረም የሚባል ከንፈር ነው። ከእሱ ጋር የተያያዙት ጅማቶችና ከላይ ያሉት ጡንቻዎችም ያግዙታል።

አብዛኛው ትከሻ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው። ወደ ፊት ሲወልቅ ያ ከንፈር ከፊት በኩል ከአጥንቱ ይላቀቃል። የእንግሊዙ ሐኪም ብላንዴል ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 ስለዚህ ጉዳት ጻፈ። እስከ ዛሬም የባንካርት ጉዳት እየተባለ በስሙ ይጠራል። ለአንተ የታሰበው ቀዶ ህክምና የሚያስተካክለው ይህንኑ ነው። በሁለት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ከንፈሩ አንከር በሚባሉ ትንንሽ መያዣዎችና በክር ተመልሶ ከአጥንቱ ጋር ይታሰራል።

የሚጎዳው ከንፈሩ ብቻ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ትከሻ በወለቀ ቁጥር አጥንትም ይጎዳል። የማስቀመጫው የፊት ጠርዝ ይሸረፋል። ብርቱካኑም ከኋላ በኩል በዚያ ጠርዝ እየተጫነ ይሰረጉዳል። ይህን ስርጉድ ሂል እና ሳክስ የተባሉ የአሜሪካ የራጅ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1940 ስለገለጹት ሂል-ሳክስ እንለዋለን። አንተ ላይ ይህ ግጭት ቢያንስ 7 ጊዜ ደርሷል። ጠርዙ የተሸረፈ ማስቀመጫ ላይ ከንፈሩን ብቻ መልሶ ማሰር ብዙ አያስኬድም። ክሩ የአጥንትን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

አሁን ወደ «ከ100 ሰው 95ቱ» እንምጣ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ጥያቄው የእነማን ቁጥር ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካዊው ስቲቨን በርክሃርት እና ደቡብ አፍሪካዊው ጆ ደ ቢር በካሜራ ያከሟቸውን 194 ሰዎች ውጤት አወጡ። ይህ ነው የሚባል የአጥንት ጉድለት ያልነበራቸው 173 ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ እንደገና የወለቀባቸው 7 ብቻ ናቸው፤ 4 በመቶ መሆኑ ነው። ትልቅ ጉድለት የነበራቸው ደግሞ 21 ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ መልሶ ወለቀባቸው፤ 67 በመቶ። የቀዶ ህክምናው ዓይነት አንድ ነው። የሠሩት እጆችም እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ አጥንቱ ላይ ነበር። ሰው እየተጋጨ የሚጫወተው ስፖርተኛ ላይ ሲሆን ልዩነቱ የበለጠ ሰፋ፤ አጥንቱ ደህና ከሆነ 6.5 በመቶ፣ ከጎደለ 89 በመቶ።

አየህ፣ ሐኪምህ የነገረህ 95 አጥንታቸው ደህና የሆኑት ሰዎች ቁጥር ነው። አንተ ከእነሱ አንዱ ልትሆን ትችላለህ። ላትሆንም ትችላለህ።

ሌላም ላሳይህ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባልግ እና ቧሎ የተባሉ ሐኪሞች ከ131 ታካሚዎች ተነስተው አንድ የነጥብ አቆጣጠር አወጡ። በጣም ቀላል ነው፤ እዚሁ አብረን እንሥራው። ዕድሜ 20 እና ከዚያ በታች ከሆነ 2 ነጥብ ነው፤ አንተ 24 ስለሆንክ 0። የውድድር ስፖርት የሚጫወት ከሆነ 2፤ አንተ 2 ያዝ። ስፖርቱ ግጭት ያለበት ወይም ክንድን ከራስ በላይ በኃይል የሚያዘረጋ ከሆነ 1፤ በረኛ ነህ፣ 1 ጨምር። መገጣጠሚያዎቹ ከተፈጥሮ ልል ከሆኑ 1፤ እሱን ሐኪም አይቶ ይወስናል፣ ለጊዜው 0 እንበል። ራጅ ላይ የብርቱካኑ ስርጉድ ከታየ 2። የማስቀመጫው ጠርዝ መሸረፉ ከታየ ሌላ 2።

ድምሩን አሁን ተመልከት። ራጅህ ንጹህ ከሆነ 3 ነጥብ ነህ። ሁለቱም የአጥንት ጉዳቶች ካሉብህ 7 ነህ። በዚያ ጥናት 6 እና ከዚያ በታች ያገኙት ላይ መልሶ የመውለቁ ዕድል 10 በመቶ ገደማ ነበር። ከ6 በላይ ያገኙት ላይ 70 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሐኪሞች መስመሩን ዝቅ አድርገው 4 ላይ መጠንቀቅ ጀምረዋል። አንተ ያው አንተው ነህ። ከ10 ወደ 70 የሚወስድህ ፊልሙ ላይ የሚታየው ነው።

ከጻፍከው ሁሉ ያሳሰበኝ አንዱ ቃል «ተኝቼ ስገላበጥ» የሚለው ነው። በሁለት ምክንያት ነው ያሳሰበኝ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ትከሻ በሙሉ ኃይል ስትወረወር ብቻ የሚወልቅ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከንፈሩና ጅማቱ ላይ ነው። ጃኬት ስትለብስ፣ ታክሲ ውስጥ እጀታ ስትይዝ፣ ተኝተህ ስትገላበጥ ከወለቀ ግን አጥንት መጉደሉን መጠርጠር አለብን። ብርቱካኑ ለመንከባለል ግፊት አያስፈልገውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። ሌሊት ተኝቶ ትከሻው የወለቀበትን ሰው ሁሉ ስለ ሚጥል በሽታ እጠይቃለሁ፤ ሲነሳ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ትከሻ ሊያወልቅ ይችላልና። አንዳንድ ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል፤ የሚነሳበት በእንቅልፍ ላይ ስለሆነ። ጠዋት ስትነሳ ምላስህ ተነክሶ ያውቃል? ሰውነትህ በሙሉ ደክሞና ታሞ ያውቃል? ፍራሹ ረጥቦ ያውቃል? አጠገብህ የሚተኛ ሰው ስትንቀጠቀጥ አይቶህ ያውቃል? ነቅተህ እየተገላበጥክ እንደነበር በደንብ ካስታወስክ ይህ አይመለከትህም። ካላስታወስክ ግን ለሐኪምህ ንገር፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚጥል በሽታው ሳይታከም ትከሻው ብቻ ከተሠራ፣ አንድ ሌሊት የተሠራውን ሁሉ ሊያፈርሰው ይችላል።

ይህን ያህል አጥንት አጥንት የምልበት የራሴ ታሪክም አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የመረብ ኳስ ተጫዋች መጣልኝ። ኤምአርአይ ይዞ ነበር። ከንፈሩ መላቀቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በካሜራ ሠራሁለት፤ ሥራውም ያማረ ነበር። ከአንድ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ተመልሶ መጣ፤ ከሻወር ሲወጣ ወልቆበት። ያኔ አጥንትን አጥርቶ የሚያሳየውን ሲቲ ስካን አስነሳሁት። ከፊት በኩል ያለው ጠርዝ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል። መጀመሪያውኑ ሲቲ አዝዤ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት ቀዶ ህክምና ነበር የምሠራለት። ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ሰመመን ወሰደ፣ ሁለት ጊዜ ወራት አጠፋ። ፊቱን እስካሁን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የወለቀበትን ሰው ሲቲውን ሳላይ አልነካም።

ስለዚህ አሁን የምትሄደው ለሲቲ ስካን ነው። ሁለቱም ትከሻ አንድ ላይ ይነሳ በል። ደህናው ትከሻ ለመለኪያ ይሆናል፤ ከታመመው ምን ያህል እንደጎደለ በመቶኛ የሚሰላው በእሱ ነው። ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ከተሠራልህ ደግሞ ሸረፋው ለአንተም በዓይንህ ይታይሃል።

ውጤቱ ሲመጣ መንገዱ ይለያል። ከማቀፊያው የጎደለው ትንሽ ከሆነ በካሜራ የሚሠራው ጥሩ ምርጫ ነው። ከ20 እስከ 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለ ከንፈር ማሰር ብቻውን አይበቃም። መካከል ላይ ያለው ነው አከራካሪው። በአሜሪካ ወታደሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከ13.5 በመቶ ጀምሮ ውጤቱ እየከፋ እንደሚሄድ አሳይቷል። የሚገርመው፣ መልሶ ያልወለቀባቸውም ቢሆኑ በትከሻቸው አለመተማመናቸው ነው። ክንዳቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ይፈራሉ። ለበረኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳይወልቅ መቅረቱ ብቻ «ዳነ» አያሰኝም። ኳስ ወደ ጥግ ስትመጣ እጅህን ሳታስብ ካልዘረጋህ ለእኔ አልዳንክም።

ማቀፊያው ደህና ሆኖ የብርቱካኑ ስርጉድ ትልቅ ከሆነ፣ በዚያው በካሜራ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል። ከኋላ ያለው ጅማት ወደ ስርጉዱ ገብቶ ይታሰራል። ስሙ ረምፕሊሳዥ ነው፤ በፈረንሳይኛ መሙላት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የካናዳ ጥናት ስርጉድ ያለባቸውን 108 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ከንፈሩ ብቻ የታሰረላቸው ላይ 18 በመቶው መልሶ ወለቀ። ስርጉዱም የተሞላላቸው ላይ 4 በመቶ ብቻ።

ማቀፊያው በጣም ከተሸረፈ ደግሞ ላታርዤ የሚባለው አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቀው ነው። ከትከሻ ፊት ለፊት ኮራኮይድ የምትባል የጣት ጫፍ የምታህል አጥንት አለች። እሷ ከነጅማቷ ተቆርጣ ትመጣና በተሸረፈው ጠርዝ ላይ በብሎን ትታሰራለች። የጎደለውን አጥንት ትተካለች፤ ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ ጅማቷ ከፊት በኩል እንደ መቀነት ይይዛል። ተመልሶ ከመውለቅ የሚከላከል በጣም ጠንካራ ቀዶ ህክምና ነው። ግን ከባድ ነው። ነርቮች በቅርብ ያልፋሉ፣ ብሎኑ ሊያስቸግር ይችላል፣ አጥንቷም አንዳንዴ አልይዝ ትላለች። ደጋግሞ የሠራው ሰው ነው ሊሠራልህ የሚገባው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ እኛ አገር በደንብ የሚነገር አይመስለኝም። በካሜራ መሠራቱ ዘመናዊ፣ በቢላ ተከፍቶ መሠራቱ ኋላ ቀር ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲሁ ከካናዳ የወጣ ጥናት 196 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ተከፍቶ ከተሠራላቸው 11 በመቶው መልሶ ሲወልቅባቸው፣ በካሜራ ከተሠራላቸው 23 በመቶው ወለቀባቸው። ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ የሁለቱም ወገን መልስ ተቀራራቢ ነበር። የካሜራው ጥቅም ትንሽ ጠባሳ፣ ቀለል ያለ ህመምና ብዙም ያልተነካ ጡንቻ ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን ላታርዤም ሆነ ከንፈር ማሰር ተከፍቶ በሚገባ ይሠራል። ስለዚህ የካሜራው መሣሪያ የለም ተብለህ ተስፋ አትቁረጥ። ለእሱ ብለህ ቤተሰብ ንብረት ሸጦ ወደ ውጭ እንዲልክህም አትቸኩል። መጀመሪያ የሚያስፈልግህን እወቅ።

ጓደኛህ ላይ ለምን እንደወለቀ ፊልሙን ሳላይ መናገር አልችልም። አጥንቱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ወደ ሜዳ ተመልሶም ሊሆን ይችላል። የአንከር ቁጥርም አለ። ቧሎ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሌላ ጥናት ከ4 አንከር በታች የተደረገላቸው የበለጠ ወልቆባቸዋል። አንከር ውድ ዕቃ ነው፤ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ቁጥሩ እንዳይቀነስብህ አስቀድመህ ጠይቅ። ሁለት ዓመት መቆየቱም አይግረምህ። በካሜራ የተሠሩ ሰዎችን በአማካይ ለ13 ዓመት የተከታተለ የጀርመን ጥናት 18 በመቶው መልሶ እንደወለቀባቸው አግኝቷል። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ደህና ይመስላል። ስለ ውጤት ሲነግሩህ ምንጊዜም «በስንት ዓመት ውስጥ?» ብለህ ጠይቅ።

ዝም ብትለውስ? ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀበት ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ሌላ ነበር። በስዊድን ሆቬሊየስ የተባለ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀባቸውን ሰዎች 25 ዓመት ተከታትሏል። መጀመሪያ ሲወልቅባቸው ዕድሜያቸው በ12 እና በ25 ዓመት መካከል ከነበሩት ግማሾቹ ያለ ቀዶ ህክምና ወይ መልሶ አልወለቀባቸውም፣ ወይ በጊዜ ብዛት ረግቶላቸዋል። አንተ ግን 7 ጊዜ አልፎሃል፣ በእንቅልፍም ጀምሯል። በቆየህ ቁጥር አጥንት ይሄዳል። ዛሬ በካሜራ የሚበቃህ ነገር ከሦስት ውልቃት በኋላ ላይበቃህ ይችላል። ለዚህ ነው አትተወው የምልህ። እስከዚያ ድረስ ግን ግብ ላይ አትቁም፤ ልምምድም ቢሆን።

ስለ ወጌሻውም አልቆጣህም። እጃቸው የተባረከ ወጌሻዎች አሉ፤ ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ብዙ ሰው ረድተዋል። ሰው ለዚህ ህመም መፍትሄ ሲፈልግ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ሂፖክራተስ ራሱ ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ ብብቱን በጋለ ብረት ተኩሶ በጠባሳ ለማጥበቅ ጽፏል። ችግሩ ወጌሻ ራጅ የለውም። አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ሲጎትተው ይብስበታል። ከትከሻው ሥር የሚዞረው ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። እንደገና ከወለቀ ክንድህን በነጠላ ወይም በሻርፕ አንጠልጥለህ ሆስፒታል ሂድ። ከትከሻህ ጎን፣ ክትባት የምንወጋበት ቦታ ላይ ቆዳህ ከደነዘዘ ለሐኪሙ ሳይጠይቅህ ተናገር።

ቀዶ ህክምናው በካሜራ ከሆነ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክንድህ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀስ በቀስ እንቅስቃሴ፣ ወደ 3 ወር ገደማ ጡንቻ ማጠንከር። ወደ ግብ የምትመለሰው ከ6 ወር በፊት አይደለም፤ ጡንቻህ ተለክቶ ከደህናው ጋር ከተቀራረበ ነው። ክንድህ ወደ ውጭ ሲዞር ትንሽ ሊያጥርብህ ይችላል። ኢንፌክሽን ይከሰታል፣ ግን ብርቅ ነው። ፊዚዮቴራፒውን ከቀዶ ህክምናው በፊት ቀጠሮ አስይዘው። ለቀዶ ህክምናው ገንዘብ ያዋጣ ቤተሰብ ለፊዚዮቴራፒው ሲያጥረው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ገንዘቡን ስታስብ ሁለቱን አንድ ላይ አስብ።

በረኛ ትሆናለህ ወይ ላልከው፦ አጥንትህ ተለክቶ ትክክለኛው ቀዶ ህክምና ከተሠራልህ ዕድልህ ጥሩ ነው። ብዙ ስፖርተኞች ይመለሳሉ። ሁሉም ግን በቀድሞው ደረጃቸው አይደለም፤ ይህንንም አውቀህ ግባ።

ሲቲውን ስትነሳ ውጤቱን ጻፍልኝ። ከማቀፊያው የጎደለው ስንት በመቶ እንደሆነና የብርቱካኑ ስርጉድ ምን ያህል እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ፊልሙን ያነበበውን ሐኪም ለክቶ እንዲጽፍልህ ለምነው። የሌሊቱን ነገርም አብሮህ የሚያድረውን ሰው ጠይቀህ ጨምርበት። ያኔ የትኛውን ቀዶ ህክምና እንደምመርጥልህ በግልጽ እነግርሃለሁ።